አፍንጫ ሲታፈን
ስለ ሳይነስና ስለ አለርጂ ልናውቀው የሚገባ

ሞጆ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚሄደው መንገድ በሞጆ ያልፋል። ወደ መቂ፣ ወደ ባቱና ወደ ሐዋሳ የሚሄደው መንገድም ከሞጆ ይገነጠላል። የጅቡቲ ባቡርም በሞጆ በኩል ያልፋል።

በሞጆ ደረቅ ወደብ አለ። ደረቅ ወደብ ማለት ባሕር የሌለበት ወደብ ማለት ነው። መርከብ ጅቡቲ ላይ ያራገፈው ዕቃ በመኪናና በባቡር ተጭኖ ወደዚህ ይመጣል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በአገሪቱ ካሉት ደረቅ ወደቦች ትልቁ እሱ ነው።

መኪና ባለበት አቧራ አለ። አቧራ ባለበት ጭስ አለ። ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ የሉሜ ወረዳ የጤፍ ማሳ ነው። እህል ሲወቃ እብቁ በነፋስ ይነሣል። በመንገድ ዳር የበቀለው አረም ሲያብብ ብናኙ ይበተናል። ይህ ሁሉ በሰው አፍንጫ ይገባል።

ብዙ ሰዎች «ጉንፋኔ አልለቅ አለኝ» ይላሉ። ያስነጥሳቸዋል። አፍንጫቸው ይታፈናል። ግንባራቸውን ይከብዳቸዋል። ሌሊት በአፋቸው ሲተነፍሱ ያድራሉ። ጠዋት ደክሟቸው ይነሣሉ። ሥራ ይቀራሉ። ቀን ሠርቶ ለሚያድር ሰው አንድ ቀን መቅረት የአንድ ቀን እንጀራ ማጣት ነው።

ታዲያ ይህ በሽታ ምንድን ነው? መድኃኒቱስ? እስቲ ቀስ እያልን እንመልከት።

ሳይነስ ምንድን ነው?

በፊታችን አጥንት ውስጥ ባዶ ክፍሎች አሉ። እነዚህ ክፍሎች ሳይነስ ይባላሉ። በግንባር፣ በጉንጭና በሁለቱ ዓይኖች መካከል ይገኛሉ። ከአፍንጫ ኋላ ጠለቅ ብሎም አሉ። ሳይነስ ሰው ሁሉ አለው። እንግዲህ «ሳይነስ አለብኝ» ስንል «ሳይነሴ ታሟል» ማለታችን ነው።

ክፍሎቹ በስስ ሽፋን የተለበጡ ናቸው። ሽፋኑ ንፍጥ ያመነጫል። ንፍጥ ሲባል አንጠየፍ፤ ጥቅም አለው። አቧራውንና ተሕዋስያኑን ይይዛል። በሽፋኑ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። እነሱ እንደ መጥረጊያ ሆነው ንፍጡን ወደ አፍንጫ ይገፉታል። ንፍጡ የሚወጣው በጠባብ በር ነው።

አሁን የደረቅ ወደቡን በር አስቡ። በሩ ክፍት ሲሆን መኪናው ይገባል፤ ይወጣል። በሩ ቢዘጋ ግን መኪና በመኪና ላይ ይከመራል። መንገዱ ይጨናነቃል። የሳይነስም በር እንዲሁ ነው። ሽፋኑ ሲያብጥ በሩ ይዘጋል። ንፍጡ መውጫ ያጣል። ይጠራቀማል። ግንባርና ጉንጭ ይከብዳል፤ ያማል። የቆመ ውሃ ትል እንደሚያፈራ ሁሉ፣ በቆመው ንፍጥ ውስጥ ተሕዋስያን ሊራቡ ይችላሉ።

አለርጂ ምንድን ነው?

ሰውነታችን ዘበኛ አለው። የበሽታ ተሕዋስያን ሲገቡ ይዋጋቸዋል። ይህ ደግ ነው። ነገር ግን የአንዳንድ ሰው ዘበኛ ይሳሳታል። ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ያየዋል። የአበባ ብናኝ፣ የቤት አቧራ ወይም የእንስሳ ፀጉር ሲገባ ለጦርነት ይነሣል።

ጥሩ ውሻ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል። ዘመድ በመጣ ቁጥር የሚጮህ ውሻ ግን ሰፈሩን ይረብሻል። አለርጂ እንደዚያ ውሻ ነው።

በዚህ ጊዜ ሰውነት ሂስታሚን የተባለ ነገር ይለቃል። ሂስታሚን አፍንጫን ያሳክካል፤ ያስነጥሳል፤ ቀጭን ንፍጥ ያስወርዳል። ዓይን ያስለቅሳል። የአፍንጫው ሽፋን ያብጣል። ሽፋኑ ሲያብጥ የሳይነስ በር ይዘጋል። እንግዲህ አለርጂና ሳይነስ የሚገናኙት በዚህ ነው።

አለርጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። በዘር ግን ይመጣል። አባት ወይም እናት አስም ወይም አለርጂ ካላቸው ልጅም ሊኖረው ይችላል።

ሰዎች ይህን እንዴት ደረሱበት?

የሠራተኛ በሽታ ድሮም ነበር። ራማዚኒ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ ጻፈ። እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች በአቧራው እንደሚታመሙ በመጽሐፉ ገለጠ።

በ1819 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቦስቶክ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም የራሱን በሽታ ጻፈ። በየዓመቱ በበጋ ዓይኑና አፍንጫው ይታመም ነበር። ምክንያቱን ግን በትክክል አላወቀውም።

ምክንያቱን ያሳየው ብላክሊ የተባለ ሌላ የእንግሊዝ ሐኪም ነው። እሱም በዚሁ በሽታ ይሠቃይ ነበር። የሣር አበባ ብናኝ ሰብስቦ በራሱ አፍንጫ ሞከረው። በሽታው ተነሣበት። ብናኝ ከፍ ባለ አየር ላይ እንዳለ ለማወቅም ተጣባቂ ነገር የተቀባ መስተዋት በወረቀት አሞራ አስሮ ወደ ሰማይ ሰደደ። ብናኙ ተጣብቆ ተገኘ። ውጤቱን በ1873 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የአበባ ብናኝ በነፋስ ተጉዞ ሰውን እንደሚያሳምም ታወቀ።

ከባሕር ማዶ የመጣው አረም

በእኛም አገር አንድ ክፉ አረም አለ። በአማርኛ ቅንጨ አረም ይባላል። በኦሮምኛ ፋራምሲሳ ይሉታል። የሚያስፈርም ማለት ነው፤ ገበሬውን አስፈርሞ መሬቱን ያስለቅቃል ለማለት ነው ይባላል። የሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ነው። ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ነው። አበባው ጥቃቅንና ነጭ ነው። በመንገድ ዳር፣ በግጦሽ መሬትና በማሳ ውስጥ ይበቅላል።

አገሩ እዚህ አይደለም። ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም፣ ከሜክሲኮ አካባቢ የመጣ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ነው። ከውጭ ከመጣ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደገባ ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ። ወደ ሕንድም ቀደም ብሎ ከውጭ በመጣ ስንዴ ውስጥ ገብቷል ይባላል። አንዱ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ያፈራል። ዘሩ በመኪና ጎማ፣ በጭቃ፣ በጎርፍና በከብት ኮቴ ይጓዛል። የመኪና መንገድ በበዛበት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የተስፋፋውም ለዚህ ነው።

ቅንጨ አረም ሰብል ያሳንሳል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመርራል። በባዶ እጅ የሚነቅለውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ያቆስላል። ብናኙ ደግሞ አፍንጫ ያፍናል፤ አስም ያስነሣል።

አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ አለ። ይህ ጥንዚዛ ሌላ ሰብል እንደማይጎዳ በመጀመሪያ ተፈተነ። ከዚያ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከአዳማ አለፍ ብላ ባለችው በወለንጪቲ አካባቢ ተለቀቀ። ነገር ግን ጥንዚዛው ብቻውን አይበቃም። የሰው እጅ ያስፈልጋል። አረሙን ማጥፋት የሚገባው ሳያብብ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ።

ጉንፋን ነው? አለርጂ ነው?

ሦስቱን ለይተን እንወቅ።

ጉንፋን፦ ጉሮሮ ያማል። ትንሽ ትኩሳት ይኖራል። ሰውነት ይቆራርጣል። በ7 ወይም በ10 ቀን ይለቃል። ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል።

አለርጂ፦ ትኩሳት የለም። ተደጋግሞ ያስነጥሳል። አፍንጫና ዓይን ያሳክካል። ንፍጡ ቀጭንና እንደ ውሃ የጠራ ነው። አቧራው ወይም አበባው እስካለ ድረስ ሳምንታት ወይም ወራት ይቆያል። ከዚያ ቦታ ሲርቁ ይሻላል።

በተሕዋስያን የመጣ የሳይነስ በሽታ፦ ከ10 ቀን በላይ ይቆያል፤ ወይም ተሻለ ሲባል እንደገና ይብሳል። ንፍጡ ወፍራም ነው። ፊት ያማል፤ ጎንበስ ሲሉ ይብሳል። የላይኛው ጥርስ ሊያም ይችላል። ትኩሳት ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ንፍጥ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ተሕዋስያን አለ ማለት አይደለም። በጉንፋንም ጊዜ ቀለሙ ይለወጣል።

ጭውውት በጤና ጣቢያ

አንድ ጫኝና አውራጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ እንበል። ከነርሷ ጋር እንዲህ ይነጋገራሉ።

«ደህና ዋሉ ጋሼ። ምን ሆኑ?»

«ደህና ዋሉ ሲስተር። ይኸው ምች ነው መሰለኝ፤ ሁለት ወር ሆነኝ። አፍንጫዬ ታፍኗል።»

«ትኩሳት አለዎት?»

«ኧረ የለኝም። ማስነጠስ ብቻ ነው። አንዴ ከጀመርኩ ዐሥር ጊዜ ነው የማስነጥሰው። ዓይኔንም ይበላኛል።»

«መቼ ይብስብዎታል?»

«ጠዋት ግቢውን ሲጠርጉ። ኮንቴይነር ስንከፍትም ይነሣብኛል። እሑድ እቤት ስውል ግን ደህና ነኝ።»

«እስካሁን ምን ወሰዱ?»

«ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዛሁ። ሦስት ጊዜ ገዛሁ፤ ምንም አልረዳኝ። አሁን መርፌ ይውጉኝና ልገላገል።»

«ጋሼ፣ መርፌ አያስፈልግዎትም። አሞክሳሲሊን ተሕዋስያንን ነው የሚገድለው። የእርስዎ ግን አለርጂ ነው። አቧራን በአሞክሳሲሊን መግደል አይቻልም።»

«እና ገንዘቤን ጣልኩት በሉኛ!»

«ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያለ በሽታው ደጋግመው ሲወስዱት ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ይለምዱታል። እውነተኛው በሽታ የመጣ ቀን እምቢ ይልዎታል። ያንን ቀን ነው የምፈራልዎ።»

ነርሷ የተናገረችው እውነት ነው። መድኃኒት የሚመረጠው በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው። እርሷ «መቼ ይብስብዎታል?» ብላ ጠይቃለች። ይህን ጥያቄ እኛም ራሳችንን እንጠይቅ። መቼ? የት? ምን ስሠራ? መጻፍ ተምረናልና በደብተር እንጻፈው። ያስነጠሰንን ቀን፣ ቦታውንና ሥራውን በየቀኑ እንመዝግብ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስናነበው ጠላታችን ማን እንደሆነ ይታወቃል። ወደ ጤና ጣቢያም ይዘነው እንሂድ።

ሕክምናው

1ኛ. በጨው ውሃ ማጠብ
ይህ ርካሽ ነው፤ በቤት ይሠራል። ንጹሕ ውሃ አፍሉ። ከፈላ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ከድኖ ማቀዝቀዝ ነው። ለብ ሲል ሩብ ሊትር ለኩ። ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ንጹሕ ጨው ጨምሩበት። በንጹሕ ጠርሙስ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ያዙት። በሳፋ ላይ ጎንበስ በሉ። ራሳችሁን ወደ ጎን አዘንብሉ። በአፋችሁ ተንፍሱ። ውሃውን ከላይ ባለው ቀዳዳ ቀስ አድርጋችሁ አፍሱ። በሌላው ቀዳዳ ይወጣል። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን አዙሩ። ሲበቃ ቀስ ብላችሁ ተናፈጡ።

ያልፈላ የወንዝ፣ የኩሬ ወይም የቧንቧ ውሃ ወደ አፍንጫ አታስገቡ። በውሃ ውስጥ ያለ ተሕዋስ በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል ሊገባ ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ ሲደርስ ግን ይገድላል። ዕቃውንም ሁልጊዜ አጥቡ። ለብዙ ሰው በአንድ ዕቃ አትጠቀሙ።

2ኛ. የአለርጂ ኪኒን
ኪኒኑ ሂስታሚንን ይከላከላል። ማስነጠስንና ማሳከክን ያስታግሣል። ሴትሪዚንና ሎራታዲን የሚባሉ አሉ። ክሎርፌኒራሚን የሚባለው የቆየ ኪኒን ግን እንቅልፍ ያመጣል። ሴትሪዚንም አንዳንዱን ሰው ያንቀላፋል። ሾፌር ከሆናችሁ፣ በክሬን ወይም በከፍታ ላይ የምትሠሩ ከሆነ፣ ይህን ለባለሙያው ንገሩ። ኪኒን ውጦ መሪ መያዝ ሕይወት ያጠፋል።

3ኛ. በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት
የሽፋኑን እብጠት የሚቀንስ የሚነፋ መድኃኒት አለ። ቤክሎሜታዞንና ፍሉቲካዞን የሚባሉ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አፍንጫው ለሚታፈን ሰው ከሁሉ የሚረዳው ይህ ነው። ነገር ግን በአንድ ቀን አይሠራም። ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። «ሁለት ቀን ሞከርኩት፤ አልሠራም» ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው። በየቀኑ እንደታዘዘው ይወሰዳል። ሲነፉ ራስን ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል ነው። አፉን ወደ መካከለኛው ግድግዳ ሳይሆን ወደ ጆሮ በኩል አዙሮ መንፋት ነው። አለዚያ አፍንጫ ይደማል።

4ኛ. አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ
ይህ ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫ ይከፍታል። ሰው ስለዚህ ይወደዋል። ነገር ግን ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፈ አፍንጫው ይለምደዋል። ጠብታው ሲያልቅ የባሰ ይታፈናል። የደም ግፊት ወይም የልብ በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይጠቀምበት።

5ኛ. ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት
ይህ የሚያስፈልገው በሽታው በተሕዋስያን የመጣ መሆኑን ባለሙያ ሲያረጋግጥ ነው። ከታዘዘ እንደታዘዘው እስከ መጨረሻው መውሰድ ነው። ጎረቤት የተረፈውን ቢሰጣችሁ አትቀበሉ።

የባህል መድኃኒትስ? የጦስኝ ሻይ ወይም ትኩስ ሾርባ መጠጣት ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ጉዳት የለውም። የፈላ ውሃ እንፋሎት መታጠን ለጊዜው ያቀልላል፤ ነገር ግን ብዙ ሕፃናት በፈላ ውሃ ይቃጠላሉ። ልጆችን አታጥኑ። ዳማከሴም ሆነ ሌላ ቅጠል ጨምቆ ወደ አፍንጫ ማንጠባጠብ ግን አይገባም። የታመመውን ሽፋን የበለጠ ያቆስለዋል።

እርጉዝ ሴቶችና የሚያጠቡ እናቶች ማናቸውንም መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊት ይጠይቁ። ለሕፃንም የአዋቂ መድኃኒት ገምሶ መስጠት አይገባም።

መከላከያው

መድኃኒት እየወሰዱ አቧራውን መማግ፣ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ስለዚህ፦

በሥራ ቦታ፦ ከመጥረግ በፊት ውሃ ይረጭ። አፍንጫንና አፍን በመሸፈኛ መሸፈን ነው። ነጠላ መጠምጠም ከምንም ይሻላል፤ በደንብ የሚገጥም መሸፈኛ ግን ይበልጣል። ኮንቴይነር ሲከፈት ዘው ብላችሁ አትግቡ። የታፈነው አየር ይውጣለት። ለነፍሳት ማጥፊያ የሚጨስ መርዝም ሊኖር ይችላልና ኃላፊውን ጠይቁ። ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ሞተሩን ያጥፋ።

በአውድማ፦ እህል ሲያበጥሩ ነፋሱን በጀርባ ማድረግ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ሌላ ሥራ ይያዝ። ወፍጮ ቤት የሚሠራም አፍንጫውን ይሸፍን።

በማሳና በመንገድ ዳር፦ ቅንጨ አረምን ሳያብብ ከነሥሩ ንቀሉ። ጓንት አድርጉ። ጓንት ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። አለርጂ ያለበት ሰው ግን አይንቀል። ብቻውን የነቀለ ሰው ከጎረቤት ማሳ ዘር ይመጣበታል። ስለዚህ መንደሩ በደቦ ይውጣ።

በቤት፦ የሥራ ልብስ ለብሳችሁ አትተኙ። ሰውነት ታጠቡ፤ ልብስ ለውጡ። የመኝታ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ወጥ ቤቱ መስኮት ይኑረው። ጭስ ቀናሽ ምድጃ ቢገኝ መልካም ነው። እቤት ውስጥ ሲጋራ አይጨስ።

ቶሎ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የሚከተሉት ከታዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

• ዓይን ዙሪያ ማበጥ ወይም መቅላት
• አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፤ የማየት ችሎታ መቀነስ
• ኃይለኛ ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር፤ አንገት አልታጠፍ ማለት
• መዘባረቅ ወይም ራስን መሳት
• የትንፋሽ ማጠር፤ ደረት ሲር ሲር ማለት
• ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ደም ወይም የሚሸት ንፍጥ መውጣት

መንገዱን የማያውቅ ሰው በቀበሌው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጠይቅ። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይልካል። አለርጂ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም። ነገር ግን ጠላቱን ያወቀ ሰው ሠርቶ፣ ተኝቶ፣ በደህና ሊኖር ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

አንብበን እንወያይ

1. ሳይነስ በየትኞቹ የፊት ክፍሎች ይገኛል?
2. ጉንፋንና አለርጂ በምን በምን ይለያያሉ?
3. አፍንጫ የሚታጠብበት ውሃ ለምን ይፈላል?
4. ሾፌር ስለ አለርጂ ኪኒን ምን መጠንቀቅ አለበት?
5. በቀበሌያችሁ ቅንጨ አረም የት የት አለ? መቼ ወጥታችሁ ትነቅሉታላችሁ?

የቃላት ፍቺ

አለርጂ — ሰውነት ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ሲዋጋ የሚመጣ ሕመም
ብናኝ — በነፋስ የሚበተን ደቃቅ ነገር
ተሕዋስያን — በዓይን የማይታዩ፣ በሽታ ሊያመጡ የሚችሉ ጥቃቅን ነፍሳት
ሂስታሚን — በአለርጂ ጊዜ ሰውነት የሚለቀው፣ የሚያሳክክና የሚያስነጥስ ነገር
ኮንቴይነር — ዕቃ ታሽጎ የሚጓጓዝበት ትልቅ የብረት ሣጥን